ዋሽንግተን የሚለውን ስም ጥቁሮቹ ራሳቸው ነው የያዙት፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ዋሽንግተን ስለሚለው የቤተሰብ ስም የተጻፈ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ደጋግሞ ደረሰኝ። ጸሐፊው ወንድማችን ስሙን አልጻፈም፤ እኔም ማንነቱን ላጣራ አልሞከርኩም። ጉዳዬ ከጻፈው ነገር ጋር ነው። ርዕሱን ማንሳቱ ራሱ ደስ ይላል። ዲሲና አካባቢዋ ያ ሁሉ ሐበሻ ይኖራል፣ ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል፣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ችግሩ ጽሑፉ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ልክ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ቀላል ስህተት ስለሆነ ቢታለፍም ይታለፋል። አንዱ ግን የብዙ ሺህ ሰዎችን አያት ቅድመ አያት የሚነካ ነው። እሱን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ስሙ በ1066 ከድል አድራጊው ዊልያም ጋር ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የገቡ የኖርማን መኳንንት ስም ነው። ዋሽንግተን የሚባል ሰው ሁሉ ከአንድ መንደር ወጥቷል፣ ደሙም አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሙን ያበዙት የጆርጅ ዋሽንግተን ልጆች ናቸው። ጥቁር ዋሽንግተኖች ደግሞ የእሱ ባሮች ዘር ስለሆኑ የጌታቸው ስም እንደ ማኅተም ተመትቶባቸዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ሊጥሉት ይገባል። በመሃል ስለ ባንዲራም የተባለ ነገር አለ። በየተራ እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከ1066 ልጀምር። ዋሽንግተን መጀመሪያ የቦታ ስም ነው፣ የሰው ስም የሆነው በኋላ ነው። ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ፣ ዊር ከሚባለው ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ዋሽንግተን የምትባል ከተማ ዛሬም አለች። አሁን በሰንደርላንድ አስተዳደር ሥር ናት፤ ድሮ የደርሃም ግዛት ነበረች። የቦታው ስም የወጣው ኖርማኖች ከመምጣታቸው በፊት እዚያ አገር ይኖሩ በነበሩት የአንግሎ ሳክሶኖች ቋንቋ ነው፤ ዋሳ ወይም ለዚህ የቀረበ ስም የነበረው ሰው ወገኖች ርስት እንደ ማለት ነው። ኖርማን የሚባል ነገር የለበትም።

ሰውና ስሙ እንዴት እንደተገናኙ ደግሞ በጽሑፍ የተረፈ ማስረጃ አለ። የደርሃሙ ጳጳስ ሂዩ በ1183 የግዛቱን ርስቶችና ግብር ዘርዝሮ ያስጻፈው መዝገብ ነው፤ የቦልደን መዝገብ ይሉታል። እዚያ ላይ «የሄርትበርኑ ዊልያም» የሚባል ባለርስት አለ። ሄርትበርን የምትባለውን መንደሩን ለቆ በምትኩ ዋሽንግተንን ወስዷል፤ ቤተ ክርስቲያኗና የእሷ መሬት ግን በልውውጡ ውስጥ አይገቡም። ግዴታውም ተዘርዝሯል። 4 ፓውንድ ይከፍላል፣ ለትልቁ አደን ሲወጣም 4 አዳኝ ውሾች ይዞ ይሄዳል። ይኸው ነው። ሰውየው መንደር ለወጠ፣ ስሙም አብሮ ተለወጠ። ትናንት የሄርትበርን የነበረው ቤተሰብ የዋሽንግተን ተባለ። ያ ልውውጥ ባይደረግ ኖሮ የአሜሪካ ዋና ከተማ ዛሬ ሄርትበርን ትባል ነበር። ስሙ ያኔውኑ ከመሬቱ ጋር እንጂ ከደም ጋር እንዳልተያያዘ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ከአንድ መንደር ነው የሚለው። እንግሊዝ ውስጥ ዋሽንግተን የሚባል ሌላም ቦታ አለ፤ በደቡብ፣ በምዕራብ ሰሴክስ ያለች መንደር ናት፣ ከደርሃም ሙሉ እንግሊዝን አቋርጦ የሚደረስባት። በመካከለኛው ዘመን አንድ ሰው ከትውልድ መንደሩ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሰፍር «የእንትን ቦታው ሰው» ይባል ነበር፤ ጌታም ሊሆን ይችላል፣ እረኛም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱም ቦታ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ይህን ስም ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

ይህን ስህተት ለምን እንደሠራ ይገባኛል። እኛ ሐበሾች ከስማችን ቀጥሎ የምንጽፈው የአባታችንን ስም ነው። ስም ስናይ አባት ይታየናል። የእንግሊዞቹ የቤተሰብ ስም ግን እንዲህ አይሠራም፤ አንዱ ከቦታ፣ አንዱ ከሥራ፣ ሌላው ከቅጽል ስም የወጣ ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞችን የያዙ ከ1,600 በላይ ወንዶችን ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፈው የወንድ ክሮሞዞም አነጻጽረው ነበር። አተንቦሮ የሚለውን ብርቅ ስም የያዙት ከ10ሩ 9 የሚጠጉት የአንድ የወንድ መስመር ልጆች ሆነው ተገኙ። ስሚዝ የሚባሉት ደግሞ መንገድ ላይ እንዳገኘኸው ማንም ሰው ናቸው፣ ስሙ ስለ ዝምድናቸው የሚናገረው ነገር የለም። እነዚሁ ሰዎች ከዚያ በፊት፣ በ2007፣ ሌላ ነገር አውጥተው ነበር። ዮርክሸር ውስጥ ያለ አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም ያላቸውን 18 ወንዶች ሲመረምሩ 7ቱ ላይ የምዕራብ አፍሪካ የወንድ መስመር አገኙ። ነጭ እንግሊዛውያን ናቸው፣ ስማቸው የዮርክሸር ነው፣ በአባት በኩል ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረው ሰውዬ ግን አፍሪካዊ ነው። ስም አንድ ከሆነ ደም አንድ ነው የሚል ሰው ይህን ነገር ቁጭ ብሎ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ወደ ዋሽንግተኖቹ ልመለስ። የደርሃሙ ቤተሰብ ስሙን በየጊዜው በተለያየ አጻጻፍ ይዞ ቆየ። ከ1416 እስከ 1446 የደርሃም ካቴድራል ገዳም አለቃ የነበረው ጆን ዌሲንግተን ይህንኑ ስም ነበር የሚጠራበት። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላንካሸር ሄዶ ዋርተን በምትባል መንደር ሰፈረ። ከዚያ ደግሞ አንዱ፣ ሎረንስ ዋሽንግተን የሚባለው፣ ወደ ኖርዝሃምተን ወርዶ በሱፍ ንግድ ተሳካለት፤ የከተማዋም ከንቲባ ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የገዳማትን መሬት ሲወርስና ሲሸጥ ይህ ሎረንስ በ1539 ሰልግሬቭ የምትባለውን ርስት ከመንግሥት ገዛ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። እንግዲህ ከባለርስትነት ወደ ነጋዴነት፣ ከነጋዴነት መልሶ ወደ ባለርስትነት ነው የተጓዙት። ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሰው አባት ጭራሽ የድህነት ኑሮ ነበር የገጠመው። እሱም ሎረንስ ይባላል፤ ኤሴክስ ውስጥ የፐርሊ ቄስ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማ በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ከፓርላማው ወገን የሆኑት ሰዎች ጠላ ቤት ያዘወትራል የሚል ክስ አቅርበው ከደብሩ አባረሩት። ንጉሡን መደገፉ ነው ዋናው ምክንያት የሚሉ አሉ፤ ያም ሆነ ይህ ልጆቹ ውርስ የሚባል ነገር አልጠበቃቸውም። ልጁ ጆን መርከበኛ ሆነና በ1656 መጨረሻ ገደማ ከለንደን ተነስቶ ቨርጂኒያ ገባ። መርከቧ ፖቶማክ ወንዝ ላይ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች፣ እሱም እዚያው ቀረ። የጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት ይህ ሰው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ዋርተን ላይ የቀሩት መጨረሻቸው ቶማስ ዋሽንግተን የሚባል የመንደሯ ቄስ ነበር፤ በ1823 ሲሞት ስሙ ከመንደሯ ጠፋ። ከደርሃሙም ርስት ላይ ዋናው ቤተሰብ ከጠፋ ቆይቷል። ስሙ የተነሳባቸው ቦታዎች ስሙን አጡት፤ ስሙ ግን ባሕር ማዶ ሌላ ሕይወት ነበረው።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው። «የጆርጅ ዋሽንግተን ልጆች ስሙን በአሜሪካ አበዙት» ይላል። ጆርጅ ዋሽንግተን ልጅ አልወለደም። አንድም። ያሳደጋቸው ልጆች ሚስቱ ማርታ ከመጀመሪያ ባሏ ከዳንኤል ከስቲስ የወለደቻቸው ናቸው፤ ስማቸውም ከስቲስ ነበር። ይኖርበት የነበረውን ርስት ማውንት ቨርነንን እንኳን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ቡሽሮድ ዋሽንግተን ነው። ነጮቹ ዋሽንግተኖች የወንድሞቹና የሌሎች ዘመዶች ዘር ናቸው፤ ብዙም አይደሉም። ይህን ለማወቅ አንድ የታሪክ ገጽ ማንበብ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ጥቁር ዋሽንግተኖች የጆርጅ ዋሽንግተን ባሮች ዘር ናቸው፤ የጌታቸው ስም ተለጥፎባቸዋል» ይላል ወንድማችን። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በ2000 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች 163 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከእነሱ 90 በመቶው ጥቁሮች ናቸው። በ2010 ቁጥሩ ወደ 177 ሺህ ከፍ ሲል ጥቁሮቹ 87.5 በመቶ ያህል ሆኑ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ስሞች መካከል የዚህን ያህል የጥቁሮች የሆነ ሌላ ስም የለም፤ ጄፈርሰን እንኳን 75 በመቶ አካባቢ ነው። በሌላ በኩል ጆርጅ ዋሽንግተን በሞተበት በ1799 ማውንት ቨርነን ላይ በባርነት ይኖሩ የነበሩት 317 ሰዎች ናቸው። በሕግ የእሱ የነበሩት 123ቱ ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ የከስቲስ ቤተሰብ ውርስ ነበሩ። 123ቱን በኑዛዜው ነፃ እንዲወጡ አዘዘ፣ ማርታም ጥር 1 ቀን 1801 ነፃ አወጣቻቸው። በ1860 ግን በአሜሪካ በባርነት የሚኖረው ሕዝብ 4 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ይህን ሁሉ ዋሽንግተን ከአንድ ርስት ማውጣት በሒሳብም አያስኬድም።

እሺ፣ እነዚያ ማውንት ቨርነን ላይ የነበሩትስ? እነሱ እንኳን ዋሽንግተን ይባሉ ነበር? ብዙዎቹ አይባሉም። ኑዛዜውን ራሱን እንይ። ጆርጅ ዋሽንግተን በጦርነቱ ሁሉ አብሮት የነበረውን አገልጋዩን ወዲያው ነፃ ሲያወጣው «ራሱን ዊልያም ሊ ብሎ የሚጠራው ዊልያም» ብሎ ነው የጻፈው። ቃሉን ልብ በሉ። ራሱን ብሎ የሚጠራው። ሊ የሚለው ስም ዋሽንግተን ከመግዛቱ በፊት ከነበረበት ቤት የመጣ ነው፤ ሰውየው ግን ይዞት ቆየ፣ 30 ዓመት በላይ የዋሽንግተን ቤት ኖሮም አልቀየረውም። ኦና ጃጅን ደግሞ እንውሰድ። የማርታ የግል አገልጋይ ነበረች። በ1796 ፊላዴልፊያ ከሚገኘው የፕሬዚዳንቱ ቤት ወጥታ በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር አመለጠች። ቤቱ በጋዜጣ የፍለጋ ማስታወቂያ ሲያወጣባት ኦኒ ጃጅ ከፕሬዚዳንቱ ቤት ጠፍታለች ብሎ ነው ያተመው። ጃጅ የአባቷ ስም ነው፤ እዚያ ርስት ላይ በውል ይሠራ የነበረ አንድሩ ጃጅ የሚባል እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ። እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1848፣ አልያዟትም። ባለቤቶቹ ራሳቸው በኑዛዜና በማስታወቂያ ሌላ የቤተሰብ ስም እየጻፉላቸው እንዴት ነው ሁሉም የጌታቸው ስም ተለጠፈባቸው የሚባለው?

ከእሱ ርስት ወጥቶ ዋሽንግተን የተባለ ሰው አለ፣ ይህን አልክድም። እንዲያውም ታሪኩ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሃሪ ዋሽንግተን ይባላል። ጋምቢያ አካባቢ የተወለደ ሰው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1760ዎቹ ገዛውና ረግረግ መሬት ከሚያደርቁት ሠራተኞች ጋር አሠራው። በ1771 ጠፋ፣ ያዙት። በ1776 ደግሞ ጠፋ። የአሜሪካ ነፃነት ጦርነት ተጀምሮ ነበርና ወደ እንግሊዞቹ ጦር ገብቶ በጥቁር ወታደሮች ክፍል ውስጥ አስር አለቃ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፣ ጌታው የአሜሪካን ጦር ይመራል፣ እሱ በተቃራኒው ወገን ተሰልፏል። በ1783 እንግሊዞች ከኒውዮርክ ሲወጡ አብረዋቸው የሚሄዱትን ጥቁሮች ስም በመዝገብ ጻፉ። የእሱ መስመር ላይ ሃሪ ዋሽንግተን፣ 43 ዓመት፣ ጥሩ ሰው፣ ቀድሞ የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት የነበረ፣ ጥሎት ከሄደ 7 ዓመቱ የሚል ሰፍሯል። ኖቫ ስኮሺያ ሄደ፣ መሬቱ ድንጋይ ነበር። በ1792 ከሺህ በላይ ከሚሆኑ ሌሎች ጋር ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ፣ ፍሪታውን ከተባለችው አዲስ ሰፈር ገባ። በ1800 ሰፋሪዎቹ ሰፈሩን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ኩባንያ የጣለባቸውን የመሬት ግብር አንከፍልም ብለው ሲነሱ እሱም ከአማፂዎቹ ጋር ነበር፤ ተፈርዶበት ከከተማዋ ወደ ማዶው ዳርቻ ተሰደደ። ይህ ሰው ዋሽንግተን ብሎ ሲመዘገብ ከባለቤቱ ካመለጠ 7 ዓመት ሆኖታል፣ ማንም አላስገደደውም። ከደርሃም የተነሳ ስም በእሱ ትከሻ አፍሪካ ገባ። ማኅተም ተመታበት የሚለው ቃል ከዚህ ሰው ጋር በምንም አይገጥምም።

ታዲያ ቀሪው ከየት መጣ? በ1850 እና በ1860 መንግሥት በባርነት ያለውን ሕዝብ ሲቆጥር ስማቸውን አልጻፈም። ቅጹ ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። 40፣ ወንድ፣ ጥቁር። 12፣ ሴት፣ ጥቁር። እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ማለት ግን ስም አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ኸርበርት ጉትማን በባርነት የነበሩ ቤተሰቦችን መዝገብ ሲመረምር ብዙዎቹ የቤተሰብ ስም እንደነበራቸው፣ ስሙም ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ባለቤታቸው ስም የተለየ እንደነበር አሳይቷል። ነጮቹ ፊት አይጠሩበትም፣ እርስ በርስ ግን ይጠራሩበታል። ቤተሰብ ተሸጦ ሲበታተን ልጅ አባቱን የሚያውቅበት ነገር እሱ ብቻ ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው።

ባርነት ከተሻረበት ከ1865 በኋላ ስም ያልነበረው ስም አወጣ፣ የነበረው በይፋ ተጠራበት፣ የማይፈልገውን የያዘ ጣለው። ታዋቂውን ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ዋሽንግተንን እንይ። በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስ ቡሮውስ የሚባል ገበሬ የትምባሆ እርሻ ላይ ተወለደ። ጌታው ሲሞት በ1861 በተሠራው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ልጁ ቡከር ተብሎ 400 ዶላር ተገምቷል። ከነፃነት በኋላ ቤተሰቡ ዌስት ቨርጂኒያ ገባና ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሩ ስም ሲጠራ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም አላቸው፣ አንዳንዶቹም ሦስት። እሱ ያለው ቡከር ብቻ ነው። ተራው እስኪደርስ አሰበና ሲጠየቅ ረጋ ብሎ ቡከር ዋሽንግተን አለ። የእንጀራ አባቱ ዋሽንግተን ፈርጉሰን ይባል ነበር፤ ዋሽንግተን የሰውየው የመጀመሪያ ስሙ ነው። ቡሮውስ ወዴት ሄደ? የትም አልተነሳም። ቡከር ራሱ በ1901 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ነፃ የወጡት ሰዎች የጌቶቻቸውን ስም ይዞ መቀጠል ተገቢ አይደለም የሚል ስሜት እንደነበራቸውና ስም መቀየር ከመጀመሪያዎቹ የነፃነት ምልክቶች አንዱ እንደነበር ጽፏል። ጉዳዩን በአካል የኖረው ሰው ምስክርነት ይህ ነው፤ የወንድማችን ጽሑፍ ግን ተቃራኒውን ይነግረናል።

እግረ መንገዴን ይህችን ላንሳ፣ የእኛንም አገር ትነካለች። ቡከር ዋሽንግተን ከ1881 ጀምሮ አላባማ ውስጥ የመራው የተስኪጊ ትምህርት ቤት ነው ጆን ሮቢንሰንን ያስተማረው። ሮቢንሰን በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ ጣልያን ሲወረን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ስለ ጥቁር አሜሪካኖች ስም ስንጽፍ ስለማናውቃቸው ሰዎች እየጻፍን አይደለም።

ከባለቤት ስም የወሰዱ የሉም እያልኩ አይደለም። የጆርጅ ዋሽንግተን ወንድሞችና የወንድም ልጆች ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ሰው በባርነት ይዘው ነበር፤ ቡሽሮድ ዋሽንግተን በ1821 54 ሰዎችን አንድ ላይ ወደ ሉዊዚያና ሸጧል። ከእነዚህ መካከል ዋሽንግተን የተባሉ አይጠፉም። ሌላው በአገሪቱ መሥራች ስም ኮርቶ ነው የወሰደው፣ አገሩ የእኔም ናት እንደ ማለት። ሌላው አባቱ ወይም አያቱ የመጀመሪያ ስሙ ዋሽንግተን ስለነበር ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አለው። ያን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ማኅተም ማለት ሰዎቹን ሁለተኛ ጊዜ ስም መንፈግ ነው የሚሆነው።

አንድ ማስረጃ ልጨምር። ነፃ ለወጡት ሰዎች ቁጠባ ተብሎ በ1865 የተቋቋመ፣ በ1874 የከሰረ ባንክ ነበር። የመጀመሪያ ዓመታት የደንበኛ መመዝገቢያ ቅጾቹ ላይ የሰውየው ስም ይጻፋል፣ ከዚያ ለብቻው የቀድሞ ጌታህ ስም ማነው፣ የእመቤትህስ፣ የየትኛው እርሻ ነበርክ የሚሉ ቦታዎች አሉ። ስሙን አይቶ ባለቤቱን ማወቅ ቢቻል ኖሮ ይህን ለይቶ መጠየቅ ባላስፈለገ ነበር። ዘሩን ለሚፈልግ ሰው እነዚያ ቅጾች ዛሬ ወርቅ ናቸው።

የባንዲራውን ነገር ቶሎ ልለፈው። «የአሜሪካ ባንዲራ የተቀዳው ከዋሽንግተን ቤተሰብ አርማ ነው» የሚለው በሰፊው የሚወራ ነገር ነው፤ በ1777 ባንዲራው ሲወሰን ግን እንዲህ የሚል ሰነድ የለም። 13ቱ ኮከብና 13ቱ መስመር ከ13ቱ ግዛቶች ቁጥር የመጡ ናቸው። በእውነት ከአርማው የተወሰደው የዲሲ ባንዲራ ነው። ሁለት አግድም ቀይ መስመር፣ ከላያቸው ሦስት ቀይ ኮከብ፤ በ1938 ነው የጸደቀው። ዲሲ የምትኖሩ የመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር ታዩታላችሁ። ሰልግሬቭ ያለው ቤት በር ላይም ይኸው አርማ ተቀርጿል። ወንድማችን «ማንኛውም ዋሽንግተን የሚባል ሰው ይህን አርማ የመያዝ መብት አለው» ማለቱ ግን ልክ አይደለም። በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለቀጥተኛ ወራሾቹ ነው፣ ለስም አይደለም። የቤተሰባችሁን አርማ እንሸጥላችሁ ለሚሉት ነጋዴዎች ገንዘብ የምትከፍሉ ካላችሁ ይህን እወቁ።

የቀረው መደምደሚያው ነው፣ ጥቁሮቹ ስሙን ይጣሉት የሚለው። እዚህ ላይ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ የነበረውን ማልኮም ኤክስን ይጠቅሳል። ማልኮም ሊትል ተብሎ ተወልዶ፣ ሊትል የሚለውን የባርነት ስም ነው ብሎ ጥሎ፣ የማያውቀውን አፍሪካዊ ስሙን ቦታ በኤክስ ተካው። ውሳኔው ከባድ ነው፣ አከብረዋለሁ። እሱ ግን የወሰነው ስለ ራሱ ስም ነው። የ1865ቱም ሰዎች የወሰኑት ስለ ራሳቸው ስም ነው። የሁለቱንም ውሳኔ ማክበር ይቻላል። የማይቻለው አንዱን ይዞ የሌላውን አያት ተሸማቀቅ ማለት ነው፤ ይህን የሚለው ደግሞ ስሙ ከሰባት ትውልድ ተቆጥሮ የተረከበ፣ አያቱን ማንም ሸጦበት የማያውቅ ሰው ሲሆን ያማል።

ደግሞስ ስሙን ዛሬ የሚያስከብረው ማነው? በ1983 ቺካጎ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባዋን የመረጠችው ሃሮልድ ዋሽንግተንን ነው። ዲሲ ራሷን የማስተዳደር መብት ስታገኝ በ1974 ሕዝቡ የመረጠው የመጀመሪያ ከንቲባ ዋልተር ዋሽንግተን ነው፤ ጆርጂያ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ። መሃል ከተማ ያለው ትልቁ የጉባኤ ማዕከል የእሱን ስም ይዟል። እዚያ ዝግጅት የሄደ፣ ታክሲ ይዞ ደንበኛ ያወረደ፣ ውስጡም የሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። በር ላይ ያለው ዋሽንግተን ጆርጅ አይደለም።

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፣ ይህንንም የሚያደርስልህ አይጠፋም። የ1066ቱንና የባንዲራውን ስትችል ታስተካክለዋለህ። ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ልጆችና ስለ ጥቁሮቹ ስም የጻፍከውን ግን አሁኑኑ አርመህ፣ ባሰራጨህበት መንገድ ሁሉ መልሰህ ላከው።